ዳዋ የዋጠውን እርሻ መመንጠር፦ ፕሮሶፒስ ከአንገቱ በታች ካልተቆረጠ አይሞትም

በወሎ ቆላ፣ በተለይ ከአፋር ጋር በሚዋሰነው ጠርዝ፣ ሁለት ሦስት ክረምት ጦም ያደረ ማሳ እሾህ ይለብሳል። ባለቤቱ ተመልሶ ሊያርሰው ሲነሳ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ገጀራና መጥረቢያ ይዞ ይገባል፣ ዛፉን ከመሬት እኩል ይቆርጣል፣ ጭራሮውን ከምሮ ያቃጥላል፣ ከዚያ በሬውን ይጠምዳል። በሚቀጥለው ክረምት ከአንዱ ጉቶ ስምንት አሥር በትር ይወጣል። አንድ ግንድ ብቻ የነበረው ዛፍ ቁጥቋጦ ሆኖ ይሰፋል፣ ለጅጌው የተደገሰውም ድግስ ከንቱ ይቀራል። ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ዛፉ የሚሞትበት ቦታ ከመሬት በላይ ስላልሆነ ነው።

እዚህ በዋናነት የምንናገረው ስለ ፕሮሶፒስ ነው። በአፋር ደርጊ ሃራ፣ በብዙ የአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ ደግሞ የወያኔ ዛፍ ይባላል። ትውልዱ ሜክሲኮ፣ መካከለኛው አሜሪካና የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ዳርቻ ነው። ወደ አገራችን የገባው በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ ደግሞ አፈርና ውኃ ለመጠበቅ፣ ነፋስ ለመከለልና ለማገዶ ተብሎ በአዋሽ ሸለቆ በሰፊው ተተከለ። የተባለውን ሁሉ አድርጓል፤ ያልተባለው መስፋፋቱ ነው። ብርድ ስለማይችል ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ድረስ ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ ደሴና ወረኢሉ ላለ ገበሬ የሚያሳስብ ጉዳይ አይደለም፤ ለቆቦ፣ ለባቲ ቆላ፣ ለጨፋና ለጅሌ ጥሙጋ ግን ነው።

እሾህ ያለው ሁሉ ጠላት አይደለም

ምንጣሮው ከመጀመሩ በፊት ዛፉን በትክክል መለየት ያስፈልጋል። በፕሮሶፒስ ስም ብዙ የአገር ግራርና ቁርቁራ ተቆርጦ ከሰል ሆኗል። ፕሮሶፒስ አበባው ቢጫ ነው፤ ክብ ኳስ ሳይሆን ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጣት የመሰለ ዘለላ ነው። ፍሬው ሲበስል ገርጣ ያለ ቢጫ ይሆናል፣ ከአንድ ስንዝር ሊበልጥ ይችላል፣ ሥጋ አለው፣ ደርቆም በራሱ አይፈነዳም። ቆርሶ ማኘክ ዋናው መለያ ነው፤ ይጣፍጣል። የቅጠሉ ዘንግ ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ወይም ሁለት ጥንድ ብቻ ይከፈላል፤ የግራር ቅጠል ግን አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ጥንድ ያለው ደቃቅ ነው። ሌላው ምልክት በበጋ መሀል፣ ሌላው ሁሉ ሲረግፍ፣ አረንጓዴ ሆኖ መቆየቱ ነው። ቁርቁራን ለመለየት ችግር የለም፤ ቅጠሉ ያልተከፋፈለ ሞላላ ነው፣ ፍሬውም ይበላል፤ በማሳ ድንበር ላይ ቢቀር ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። የሚያጠራጥር ካለ ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ቆርጦ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ማሳየት ነው።

ዘሩ ወደ ዳገት የሚወጣው በከብት ሆድ ነው

ሚሌና ቦርከና ከወሎ ተነስተው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ስለዚህ በአፋር ሜዳ ያለውን ዘር ጎርፍ ወደ ወሎ አያመጣውም። የሚያመጣው ከብት፣ ፍየልና ግመል ነው። እንስሳው ጣፋጩን ፍሬ ይበላል፣ ሥጋው ይፈጫል፣ ጠንካራው ዘር ግን ከነሕይወቱ በእበቱ ይወጣል። እንዲያውም በሆድ ውስጥ ማለፉ ልባሱን ስለሚያላላው ቶሎ ይበቅላል፤ እበቱም ማዳበሪያ ይሆነዋል። እንደ ባቲ ሰኞ ገበያ ያለ፣ ከቆላው በርካታ ከብትና ግመል የሚነዳበት ገበያ ባለበት አካባቢ ዛፉ መጀመሪያ የሚታየው በከብት መንገድ፣ በውኃ መጠጫና በበረት ዙሪያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንዴ ከላይ በኩል፣ በደረቅ ወንዝ አፍ ላይ ከቆመ በኋላ ነው ጎርፍ ሥራውን የሚረከበው፤ ፍሬውን ተሸክሞ ከታች ባሉት ማሳዎች ላይ ይበትነዋል።

ከዚህ የሚወጣ የሥራ ቅደም ተከተል አለ። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከጥቅጥቁ መሀል ነው፤ ያስፈራዋልና። መጀመር ያለበት ግን ከዳር ነው፦ በንጹሕ መሬት ላይ ብቻቸውን ከቆሙት፣ ከላይ በኩል በቦረቦርና በቦይ አፍ ካሉት፣ ፍሬ መስጠት ከጀመሩት። እነዚህ ሲነቀሉ አዲስ መሬት መያዙ ይቆማል። ጥቅጥቁ ባለበት ይቆያል፣ የትም አይሄድም። አንድ ቤተሰብ በዓመት ተከታትሎ ሊያርመው ከሚችለው በላይ ባይመነጥር ይሻለዋል። አንድ ጥማድ በደንብ ተመንጥሮ ቢታረስ፣ አራት ጥማድ ተቆርጦ መልሶ ከሚያቆጠቁጥ በእጅጉ ይበልጣል።

አንገቱን መፈለግ

ፕሮሶፒስ ሲቆረጥ የሚያቆጠቁጠው ከየትም አይደለም። ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት አንገት ላይ እንደ ድንች ዓይን የተኙ እምቡጦች አሉ። ግንዱ ካለ ይተኛሉ፤ ግንዱ ሲቆረጥ ወይም ሲቃጠል ይነቃሉ። ይህ አንገት ከመሬት ገጽ ጀምሮ እስከ መጀመሪያዎቹ የጎን ሥሮች ድረስ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሥር ምንም ያህል ቢረዝም (ዋናው ሥር በጣም ጥልቅ ይወርዳል) ዓይን ስለሌለው ብቻውን ዛፍ አይሆንም። እንግዲህ ሥሩን ሁሉ ማውጣት አያስፈልግም፤ አንገቱን ማውጣት ብቻ ነው። የብዙ ሰው ጉልበት የሚባክነው ይህን ባለማወቅ ነው፤ አንዱ ከላይ ቆርጦ ይተወዋል፣ ሌላው ሜትር ጉድጓድ ሲቆፍር ይውላል።

በተለመደ መሬት አንገቱ ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ያልቃል። ጎርፍ ደለል እያመጣ በሚጥልበት ማሳ ግን፣ ለምሳሌ በቆቦ ሜዳ የጎርፍ መስኖ በሚጠለፍበት፣ አፈሩ በየዓመቱ ከፍ ስለሚል አንገቱ ይቀበራል፤ የተቀበረው ግንድም ዓይን አለው። እዚያ ቦታ “አንድ ስንዝር ቆፍሬ ቆርጬዋለሁ” ማለት ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በጥልቀት መለኪያ ሳይሆን በዓይን መሄድ ነው፦ የመጀመሪያው የጎን ሥር እስኪታይ መቆፈር፣ ከእሱ በታች ግማሽ ስንዝር ያህል ወርዶ ዋናውን ሥር መቁረጥ።

መቆረጡን ማረጋገጫው ቀላል ነው። የወጣውን ጉቶ ገልብጡና የታችኛውን ጫፍ ተመልከቱ። ዙሪያውን የተቆረጡ የጎን ሥሮች ጉጦች ካሉበት አንገቱ ወጥቷል። ጫፉ ያለ ምንም የጎን ሥር ልሙጥ ሆኖ ከተቆረጠ ግን የተቆረጠው ግንዱ ነው፤ አንገቱ አሁንም ጉድጓዱ ውስጥ አለ፣ መመለስ ያስፈልጋል። በጅጌ ሲሠራ አንድ ሰው ይህን ብቻ እያየ እንዲዞር ማድረግ ይጠቅማል። የደከመ ሰው ጉቶውን አይገለብጥም።

አነቃቀሉ

ለሥራው የሚያስፈልገው መጥረቢያ፣ ጥሩ ዶማ፣ ዲጅኖ፣ አካፋ፣ ረጅም እጀታ ያለው ገጀራና ባላ ነው። የፕሮሶፒስ እሾህ የጎማ ጫማን ይበሳል፤ ስፖንጅ ጫማ ጨርሶ አይታሰብም። ሶሉ ወፍራም የሆነ ቦቲ ወይም የቆዳ ጫማ፣ የቆዳ ጓንትና የዓይን መከለያ መነጽር ያስፈልጋል። የወጋ እሾህ ጫፉ ውስጥ ከቀረ፣ በተለይ በመጋጠሚያ አካባቢ፣ ለሳምንታት ያሳብጣል፤ በሳሙና ታጥቦ ካልወጣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም መውሰድ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የጎን ቅርንጫፎቹ ከዳር ወደ ውስጥ ይቆረጣሉ። አንዱ በባላ ቅርንጫፉን ገፍቶ ይይዛል፣ ሌላው ይቆርጣል፤ ቅርንጫፍ ሲለቀቅ ተስፈንጥሮ ፊት ይመታልና በእጅ አይያዝም። ግንዱ ሲጋለጥ ከመሬት እኩል እንዳትቆርጡት። አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይቆረጥ፤ የቀረው ግንድ መወዝወዣ ይሆናል። ከመሬት እኩል የተቆረጠ ጉቶ መያዣ ስለሌለው ለመንቀል እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል፤ ሳይነቀል ከተረሳም በአፈርና በሣር ተሸፍኖ የበሬ ሰኮና ይሰነጥቃል፣ ማረሻ ይሰብራል።

ከዚያ ከግንዱ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ አፈሩን ማንሳት ነው። የጎን ሥሮቹ ሲገኙ ሁለት ቦታ ይቆረጣሉ፦ ከጉቶው አጠገብና ከጉድጓዱ ጠርዝ። መሀሉ ወጥቶ ይጣላል፤ አለበለዚያ ዶማውን ለማወዛወዝ ቦታ አይኖርም። ግንዱን ሁለት ሰው እየገፋና እየጎተተ ሲያወዛውዘው ዋናው ሥር የት እንዳለ ያሳያል፤ በዲጅኖ ስለት ወይም በጠባብ መጥረቢያ ይቆረጣል። ጉድጓዱን በዚያው ቀን ሙሉት። ክፍት የቀረ ጉድጓድ በክረምት ውኃ ይሰበስባል፣ ተዳፋት ላይ ደግሞ የቦረቦር መነሻ ይሆናል። በቦረቦር አፋፍና በቦይ ትከሻ ላይ ያለ ትልቅ ዛፍ በዝናብ ወቅት ባይነቀል ይሻላል፤ አፋፉን ይዞ ይሄዳል።

ከአውራ ጣት የቀጠነ ችግኝ በአንድ የዶማ ምት ይወጣል፤ አፈሩ እርጥብ ሲሆን በእጅም ይነቀላል። ሲነቀል ከመሀል ከተበጠሰ ግን አልተነቀለም።

ጊዜውን በተመለከተ በዋልካ መሬት ምርጫው ጠባብ ነው። በክረምት ይጣበቃል፣ በግንቦት እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። የሚያዋጣው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ ቅርንጫፉን አውርዶ ግንዱን በሜትር ቁመት መቁረጥ፤ የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልስ ጉቶውን መንቀል። በመካከሉ ከወር በላይ እንዳይቆይ፤ ካቆጠቆጠ ሥራው ይበዛል። ወቅቱ ምንም ይሁን ምን፣ ዛፉ ላይ ያለው ፍሬ ቢጫ ሆኖ ከመርገፉ በፊት መድረስ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል።

ዶዘር ያለው ሰው ነገሩ ያበቃለት ይመስለዋል። ምላጩ በመሬት ገጽ ላይ ብቻ ከገፋ ግንዱን ከአንገቱ ላይ ሰብሮት ይሄዳል፤ ውጤቱ ከመጥረቢያው አይለይም። ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች የሚገባ የሥር መንቀያ ጥርስ ከሌለው ለፕሮሶፒስ ባታከራዩት ይሻላል።

እሳት፣ ዘይትና መድኃኒት

እሳት ትንንሹን ችግኝ ይገድላል፣ የቆመውን ዛፍ ግን ግንዱን ብቻ አቃጥሎ አንገቱን ይቀሰቅሳል። ጉቶ ላይ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ማፍሰስም የሚሞክረው አለ። አፈሩ ዘይት ይጠጣል፣ ዛፉም ላይሞት ይችላል፤ በሚታረስ መሬት ላይ አንመክረውም።

ገበሬው በእጁ የሚያገኘው ቱፎርዲ የተባለው የአረም መድኃኒት ቅጠሉን ያጠወልጋል፣ ከሥር ያቆጠቁጣል። በነፋስ ተወስዶ የጎረቤትን ማሾ፣ ጥጥና ቲማቲምም ይጎዳል። ሌላው የአረም መድኃኒት ግላይፎሴት ቅጠል ላይ ቢረጭ በትልቁ ዛፍ ላይ ውጤቱ ያው ነው። ለእንጨት አረም የሚሻለው ትሪክሎፒር ያለበት መድኃኒት ሲሆን፣ የሚቀባው አዲስ በተቆረጠ ጉቶ ላይ ነው፤ በተቆረጠ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ከቅርፊቱ ሥር ባለው እርጥብ ቀለበት ላይ፣ በብሩሽ። የደረቀው መሀል እንጨት መድኃኒት አያሳልፍም፤ ጉቶው አድሮ ከሆነ እንደገና አንድ ጣት ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ያስፈልጋል። መጠኑ በዕቃው ላይ የተጻፈው ነው፣ ግምት አይሠራም። የአገር ውስጥ ምዝገባ የሌለውን አትግዙ፣ በለስላሳ ጠርሙስም አታስቀምጡ። መድኃኒት ቦታው ዶማ በማይገባበት ድንጋያማ ስፍራና በቦይ ትከሻ ነው፤ ለዚያውም ውኃ በማይነካበት። በሚታረሰው ማሳ መሀል ዶማን የሚተካ የለም።

እንጨቱና ፍሬው

የፕሮሶፒስ እንጨት ከባድ ነው፣ ከሰሉም ጥሩ ነው። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰልበት በተለመደው አሠራር ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ነው፤ እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያንሳል፣ ስለዚህ ጥቂት ሳምንታት ማድረቅ ያዋጣል። ለማክሰልም ለማጓጓዝም ፈቃድ ከወረዳው አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከሰል ነጋዴ የሚፈልገው ግንዱን እንጂ ጉቶውን አይደለም፤ ቆርጦ ይሄዳል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሊቆርጥ። መሬቱን ለማረስ የሚፈልግ ሰው ከከሳዩ ጋር ሲዋዋል ክፍያውን በተነቀለ ጉቶ ማድረግ አለበት። ጉቶውም ራሱ ከሰል ይወጣዋል፣ አፈሩን አራግፎ መፍለጥ ብቻ ነው።

ፍሬ ያለበትን ጭራሮ ለአጥር አትጠቀሙበት፤ ከአጥሩ ሥር በቀጣዩ ክረምት ሌላ አጥር ይበቅላል። ፍሬው ተለቅሞ፣ በፀሐይ ሲሰበር ቀጭ እስኪል ደርቆ፣ በመዶሻ ወፍጮ ከተፈጨ መኖ ይሆናል። እርጥበት ካለው ስኳሩ ወፍጮውን ይደፍናል፤ በድንጋይ ወፍጮ ባትሞክሩት ይሻላል። ከወፍጮው የወጣውን በእፍኝ አንስታችሁ ተመልከቱ፤ ያልተሰበረ ዘር ከታየ ወንፊቱ ሰፊ ነው ማለት ነው፣ ይደገም። ከጠቅላላው መኖ አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል። ፍሬው ብቻ የሚበላ ከብት ምራቁ ይዝረከረካል፣ መንጋጋው ይደክማል፣ ማኘክ ያቅተዋል። በኬንያ ባሪንጎ አርብቶ አደሮች በዚህ ፍሬ ጥርሷ የረገፈ ፍየል ይዘው ፍርድ ቤት እስከ መቅረብ ደርሰዋል።

ገመሳውና የሚቀጥሉት ክረምቶች

ጉቶው ወጥቶ ማሳው ሲገመስ ማረሻው ብዙ የጎን ሥር ይነካል። ይህ አያስጨንቅም፤ የፕሮሶፒስ የጎን ሥር ብቻውን አያቆጠቁጥም። ለቅሞ ለማገዶ ማውጣት ግን ማረሻውን ያድናል። የሚያሳስበው ዘሩ ነው። አፈር ውስጥ ለዓመታት፣ እስከ አሥር ዓመትም ይቆያል፣ እና የመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ ሲዘንብ በተለይ የከብት እበት በነበረበት ቦታ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። ያልለመደው ሰው “ነቅዬው ተመለሰ” ይላል። አልተመለሰም፤ አዲስ ነው፣ በዚህ ዕድሜውም ከማንኛውም አረም የበለጠ አይከብድም። ከአንድ ስንዝር ሳያልፍ አፈሩ እርጥብ እያለ ይነቀላል። ቀን ከተሰጠው ሥሩ ከቅጠሉ ይልቅ ስለሚፈጥን፣ በመስከረም በእጅ የሚወጣው በኅዳር ዶማ ይፈልጋል።

በየዓመቱ የሚታረስ ማሳ በፕሮሶፒስ አይዋጥም፤ ለዚህ ነው መሬቱን በመነጠሩበት ዓመት ወዲያው መዝራት የሚያስፈልገው። ማሽላ በጥሩ ጥግግት ከተዘራ መሬቱን ያጠላል፣ ችግኙ ደግሞ ጥላ አይወድም። ማሾም ቶሎ ይደርሳል፣ ለማረም የሚመች ቁመት አለው። ማረስ የማይቻል ከሆነ ሣር መዝራትና አጭዶ መመገብ ነው እንጂ ባዶውን ለልቅ ግጦሽ መተው ዘሩን መልሶ መዝራት ነው። ማሳው ንጹሕ ሆኖ ድንበሩ፣ ቦዩና የእግር መንገዱ ከተረሱ እዚያ የበቀለው ፍሬ መስጠት የሚጀምረው ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ድንበር የጋራ ስለሆነም ከጎረቤት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል፤ በቅሬ (በመንደሩ ዕድር) ስብሰባ ላይ ቀን ተቆርጦ መውጣት ከሚሠሩት መንገዶች አንዱ ነው።

ሌሎቹ እሾሃሞች

ከፕሮሶፒስ ጋር ተደባልቆ የሚገኝ፣ አበባው ግማሹ ሐምራዊ ግማሹ ቢጫ የሆነ እሾሃማ ቁጥቋጦ አለ። እሱ የአገር ተክል ነው፣ ባሕርዩ ግን ተቃራኒ ነው፤ ከተቆረጠ የጎን ሥር ሁሉ ያቆጠቁጣል። ለእሱ ዶማው ያባዛዋል፤ ከላይ እየደጋገሙ መቁረጥና ቡቃያውን በፍየል ማስበላት ይሻላል። የወፍ ቆሎ ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ በቀላሉ ይነቀላል፣ ነገር ግን ግንዱ እርጥብ መሬት ሲነካ ሥር ይሰዳል፤ ነቅሎ ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ማድረቅ ነው። ቅጠሉ ለከብት መርዝ ነው፣ ነቅላችሁ በግጦሽ ላይ አትጣሉት። በለስ የተቆረጠ ቅጠሉ በወደቀበት ሥር ስለሚያበቅል በገጀራ መከታተፍ አይጠቅምም፤ በሙሉ ተሰብስቦ እሾሁ በእሳት ተለብልቦ ለከብት ይሰጣል ወይም ጠልቆ ይቀበራል።

ከገበያ የተገዛ ወይም ቆላ ወርዶ የተመለሰ ከብት ወደ ተመነጠረው ማሳ ቃርሚያ ከመግባቱ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ በረት ውስጥ ታስሮ ድርቆሽ ይብላ፤ የዋጠው ዘር ከሆዱ የሚወጣው በእነዚያ ቀኖች ነው። የሳምንቱ እበት ወደ ማሳ አይሄድም። ለኩበት ይጠፍጠፍ፤ እሳቱ ዘሩን ይጨርሰዋል። በረቱ ዙሪያ ደግሞ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይታይ።